አሥራ አንድ ደቂቃ

«ሬድዮው ተሳስቷል!» አለ ሽማግሌው።

የለቅሶ ቤቱ ሰው ሁሉ ቀና አለ። የጠዋቱ አንድ ሰዓት ዜና ገና መጀመሩ ነበር፤ ሽማግሌው ደግሞ እንደ ልማዱ የኪስ ሰዓቱን ከሰደርያው አውጥቶ ክዳኗን ከፍቷል። የእሱ ሰዓት ግን ለአንድ ሠላሳ ሦስት ጉዳይ ነው የምትለው። በግድግዳው ዙሪያ የተቀመጡት ለቀስተኞች እርስ በርስ ተያዩ። ሁሉም ስልክ ይዟል፣ ሁሉም ትክክለኛውን ሰዓት ያውቃል፤ ግን ሚስቱ ካረፈች ገና ሦስተኛ ቀኑ የሆነን ሰው ማን ደፍሮ ያርመዋል?

«ሰዓቷም አዘነች» ብላ አንሾካሾከች ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ፣ ከፔርሙዙ ሻይ እየቀዳች።

ወሬ መቼም እግር አያጣም። ቀትር ላይ «ነፍሷ ስትወጣ ሰዓቷም ቀጥ አለች» ሆኖ ተመለሰ። ሽማግሌው ሰምቶ ሰዓቷን አወጣ። ሰዓቷ ቀጥ አላለችም፤ ጆሮው ላይ ሲያስጠጋት እንደ ወትሮዋ ትመታለች። ያኑ ጠዋት በእጁ አስተካክሏት ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ግን እንደገና፣ በአንድ ቀን ብቻ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርታ አገኛትና ፈራ። እሷ ሄደች፣ ይቺም ልትሄድብኝ ነው ብሎ ከልቡ ፈራ።

መፍራቱ አይገርምም። ሠላሳ ዓመት የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነበር፤ ባቡር ይነሳ የነበረው በዚህች የኪስ ሰዓት ነው። ሰፈሩም «ጋሽ ደቂቃ» ብሎ ስም ያወጣለት ለዚሁ ነው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ጡረታ ሲወጣ ፊሽካውን፣ ባንዲራውንና ቆቡን ፈርሞ መለሰ። ሰዓቷ የራሱ ስለነበረች ቀረችለት። ከዚያ ወዲህ ባቡር ቢያጣም ሬድዮ ነበረውና፣ ጠዋት ጠዋት ዜናው ሲጀምር ክዳኗን ከፍቶ ያያትና «ትክክል ነው» እያለ ሬድዮውን ያሳልፈዋል። የማታውን ዜና ግን አይወደውም። «እነዚህ የማታዎቹ ችኩሎች ናቸው፣ ሁልጊዜ ቀድመው ነው የሚጀምሩት» ይላል።

ሚስቱ ደግሞ ስትፈጠር መቸኮል አልተሰጣትም። ሰርግ ቢጠሩ እሱ ደርሶ፣ በልቶ፣ መርቆ ሲመለስ እሷ ገና ጫማዋን ትፈልጋለች። «ኤሊዬ» ይላታል በሰው ፊት፤ «ባንቺ ቢሆን ኖሮ እስካሁን አንድም ባቡር ከጣቢያ አይወጣም ነበር!»

እሷ ትስቃለች። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?» ትለዋለች፣ ጫማዋን እያሰረች፣ አሁንም ቀስ ብላ።

በአራተኛው ቀን ኮቱን ደርቦ ሲነሳ ልጁ በሩ ላይ ቆመችበት።

«አባዬ፣ ለቅሶ ተቀምጦ ሰዓት ቤት ይኬዳል? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ሲል ነው የኖረው። በሰባተኛው ቀን የጣቢያ ጓደኞቼ ሊመጡ ነው። እነሱ ፊት የምትዋሽ ሰዓት አላወጣም።»

ሰዓት ሠሪው ያለው ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር፣ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ውጭ በሚቀርበት ሱቅ ውስጥ ነው። ሽማግሌውን ሲያይ ብድግ አለ።

«እግዜር ያጽናዎት ጋሼ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ፣ ሰው በዝቶ አላዩኝም።» ሰዓቷን ተቀበለና ሳይከፍታት ፈገግ አለ። «ይቺን ሴትዮማ አውቃታለሁ።»

«ከየት ታውቃታለህ? እኔ አንድም ቀን ላንተ አልሰጠኋትም።»

ሰዓት ሠሪው ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ የጀርባ ክዳኗን አነሳ። ከዚያ ማጉያውን ለሽማግሌው አቀበለው። በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በመርፌ የተጫሩ፣ ከጉንዳን እግር የማይበልጡ ምልክቶች ነበሩ።

«እኛ ሰዓት በከፈትን ቁጥር ለሚቀጥለው ሠሪ ምልክት እንተዋለን። ይሄ የድሮ ሠሪ እጅ ነው፤ እርስዎ ሳይወለዱም ሊሆን ይችላል። ይቺ የታችኛዋ የእኔ ናት። ዘጠኝ ዓመቷ። እርስዎ ለዓይንዎ ሕክምና ሆስፒታል የተኙ ጊዜ እትዬ ናቸው ያመጧት።»

ሽማግሌው ማጉያውን ከዓይኑ ሳያነሳ «ምን ብላ?» አለ።

«ወደ ኋላ እየቀረች ነው ብለው። አየኋት። ይቺ ወዲያ ወዲህ የምትለዋ ጎማ የምትዞርበት ዘንግ ጫፉ ተበልቷል። ይቺን ትንሽ ክንድ ወዲህ ሲገፏት ሰዓቷ ትፈጥናለች፣ ወዲያ ሲገፏት ትዘገያለች። ወደ መፍጠኛው እስከ መጨረሻው ገፋኋት፣ ከዚያ በላይ መሄጃ የላትም። እንዲያም ሆኖ በቀን አሥራ አንድ ደቂቃ ትቀራለች። መለዋወጫ ደግሞ በዚያን ጊዜ ቢፈለግ ቢፈለግ ጠፋ። ለጋሼ ይንገሯቸው፣ ጡረታ ትውጣ አልኳቸው።»

«እሷስ?»

«'ፊሽካውን ወሰዱበት፣ ቆቡን ወሰዱበት፣ ይቺን ደግሞ እኔ ልውሰድበት?' አሉኝ። 'አሥራ አንድ ደቂቃ ምን አላት፣ እኔ እሞላላታለሁ።' ይዘዋት ሄዱ። እኔ እስከ ዛሬ የሚያውቁ መስሎኝ...»

ሽማግሌው መጀመሪያ ደሙ ፈላ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! ስንቱን ሰው በዚህች ሰዓት ሰድቧል፣ ስንቱን «ቸኮልክ» ብሎ አሸማቅቋል። የማታዎቹን ዜና አንባቢዎች አስታወሰ። ምስኪኖች፣ ለካ ችኩሎቹ እነሱ አልነበሩም!

ከዚያ አንድ ማለዳ ትዝ አለው። ነቅቶ ዓይኑን ሲገልጥ እሷ መስኮቱ ሥር ቆማለች፤ ሰዓቷ በመዳፏ፣ ትንሿ ሬድዮ ድምፅዋ ተቀንሶ ጆሮዋ ላይ። ሬድዮው አሥራ ሁለት ሰዓት መሙላቱን የሚነግረውን ጢጥታ እያሰማ ነበር።

«ምን ትሠሪያለሽ?»

ደንገጥ አለችና «እያደነቅኳት ነው» አለችው።

ያን ቀን እንዴት ደስ ብሎት እንደዋለ! ለልብስ ሰፊዋ ሳይቀር አውርቶላታል፤ ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት ሰዓቴን ቆማ ስታደንቅ ያዝኳት ብሎ። ከአልጋ ለመነሳት ከእሱ አንድ ሰዓት የምትቀድመው ኤሊ፣ ጫማዋን ለማግኘት ለምን ጊዜ እንደሚያጥራት ግን አንድም ቀን አልጠየቀም።

ሽማግሌው ሳቀ። ሳቁ ትከሻውን እየነቀነቀው ቆየ፤ ከዚያ ፊቱን በመሐረብ ጠረገ። ሰዓት ሠሪው ወረንጦዎቹን ያለ ሥራ መደርደር ጀመረ።

«አሁንስ ትድናለች?» አለ ሽማግሌው በመጨረሻ።

«ትድናለች እንጂ! አምና የእሷው ዓይነት ሰዓት ሞታ መጣችልኝ፤ ዘንጓ ግን ጤነኛ ነው። ሁለት ቀን ይስጡኝ።»

ሽማግሌው ግን ትቷት አልቀረም። በሁለቱም ቀን ከሰዓት በኋላ እየመጣ ሰዓት ሠሪው ፊት ተቀመጠ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በኪሱ ይዟት ውስጧን አይቶ አያውቅም ነበር። ሰዓት ሠሪው ጎማዎቹን እያወጣ በብርጭቆ ክዳን ሥር ሲያኖራቸው፣ «ይቺ ምንድን ናት? ያቺስ?» እያለ አደከመው። ለካ ሞላው በተጠቀለለ ቁጥር በአንዴ ልፈታ ይላል፤ እየያዘች በትንሽ በትንሹ የምትለቀው ሌላ ጥርስ ናት። እሷ ባትኖር የቀኑ ጉልበት በአንድ ደቂቃ ያልቃል አለው። ሽማግሌው ይህን ሲሰማ ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

በስድስተኛው ቀን ሰዓት ሠሪው አዲሱን ምልክት ከአሮጌው ሥር ጭሮ ክንዷን እያስተካከለ፣ «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ራሷን ችላለች። ማንም አይነካትም» አለ በኩራት።

ሽማግሌው ግን ፊቱ አልፈካም።

«ትንሽ ልትተውልኝ ትችላለህ?»

«ምኑን?»

«መዘግየቱን። አሥራ አንዱ ይበዛል፣ ሁለት ደቂቃ ትበቃኛለች።»

ሰዓት ሠሪው ማጉያውን አውልቆ አየው። «ጋሼ፣ በዚህ ሥራ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። አዘግይልኝ ያለኝ ሰው የለም።»

«እንግዲህ አሁን መጣልህ» አለ ሽማግሌው።

በሰባተኛው ቀን ማለዳ፣ የጣቢያ ጓደኞቹ ሳይመጡ፣ ልጁ ወንበሮቹን ልታስተካክል ተነሳች። የአባቷ መኝታ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። በመስኮቱ ሥር ባዶ እግሩን ቆሟል፤ ሰዓቷ በመዳፉ፣ የእናቷ ትንሿ ሬድዮ ጆሮው ላይ ናት።

ጢጥታው አለቀ።

«አባዬ፣ ዘገየች እንዴ?» አለች ቀስ ብላ። ይህን ቃል በዚህ ቤት፣ ስለዚህች ሰዓት፣ ማንም ተናግሮት አያውቅም።

«አዎ፣ ሁለት ደቂቃ» አለ ሽማግሌው ደስ ብሎት። መሙያዋን በሁለት ጣቶቹ ሳብ አድርጎ የደቂቃ ቆጣሪዋን ወደፊት አዞረ።

ከዚያ ሰዓቷን በእሱ ራስጌ በኩል ባለችው በርጩማ ላይ፣ ሲነቃ ሁልጊዜ በሚያገኛት ቦታ፣ ድምፅ ሳያሰማ አስቀመጣት። ብርድ ልብሱን ገልጦ ተመልሶ ተኛና ዓይኑን ጨፈነ።