የፒ ንጉሪ እፍኝ

ቀርከሃው ባበበበት ዓመት፣ በጥቅምት ሁለተኛው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ በትላንግዛውል መንደር እፍኝ ሩዝ ሊሰበስቡ የወጡት ሁለት ሴቶች ነበሩ። አንዷ የቤተ ክርስቲያኑ የሴቶች ማኅበር መሪ ፒ ዳርቲያንጊ ናቸው፤ «ፒ» እንደ «እሜቴ» ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ሌላዋ በዚያው ዓመት የሰጪና የተቀባይ ዝርዝር እንድትይዝ የተመረጠችው ዚርሳንጊ ናት። ቅርጫቱን በግንባሯ ማንገቻ አዝላ የምትሄደው ዚርሳንጊ ነበረች።

በሚዞራም ኮረብቶች ሴት ልታበስል ሩዝ በለካች ቁጥር አንድ እፍኝ ቀንሳ በጣሳ ታስቀምጣለች። እሱ የጌታ ነው። በዚያ እፍኝ ሰባኪዎች ወንዝ ተሻግረዋል፤ ትምህርት ቤት ቆሟል። «የእግዚአብሔርን መንግሥት የምንሠራው ከምድጃችን ነው» የሚሉት ሴቶቹ ቀልደው አይደለም።

ቀርከሃው ካበበ ወዲህ ግን ፍሬውን በልቶ የተራባው አይጥ እንደ ጎርፍ ወርዶ ማሳውን ጠረገው። ማኅበሩም የተሰበሰበው ሩዝ ለተራቡት እንዲታደል ወሰነ። ያኔ ዚርሳንጊ አንጀቷ አልችል ብሏት፣ ባል የሞተባቸውን የአሮጊቷን የፒ ንጉሪን ስም ከሰጪዎች ሰርዛ ከተቀባዮች ጋር ጻፈችው። ማንንም አላማከረችም። ደግ የሠራች መስሏት ነበር።

እናም የፒ ንጉሪን ደጃፍ አልፈው ሽቅብ ሲወጡ ከኋላቸው ድምፅ መጣ።

«እናንተ! ቤቴን ጅብ ወረሰው እንዴ፣ ዝም ብላችሁ የምታልፉት?»

ተመለሱ። ዚርሳንጊ ቀድማ ተናገረች። «ፒ ንጉሪ፣ ነገ እኛው ሩዝ እናመጣልዎታለን እኮ። ዘንድሮ ተቀባይ ነዎት።»

«ማን አለ?»

«እኔ ነኝ... ከሰጪዎቹ ስምዎን የሰረዝኩት እኔ ነኝ።»

አሮጊቷ ወደ ዚርሳንጊ ቀረብ አሉ። «ባሌን በቀበርኩ ማግስት እንኳ እፍኜን አላስቀረሁም። አንቺ ልጅ፣ ጌታ ከሥራው ሳያሰናብተኝ አንቺ አሰናበትሽኝ?»

ዚርሳንጊ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ፒ ዳርቲያንጊ ነገሩን ሊያበርዱ ገቡ። «ፒ ንጉሪ፣ ታዲያ ቤትዎ ሩዝ የት አለና? ሳምንቱን ሙሉ የጫካ ቦዬ ሲቆፍሩ አይደል የከረሙት? ቦዬ ሰጥተው የተራበውን ሆድ ሊነፉት ነው?»

«አንቺ ዳርቲ፣ ምላስሽ ካንቺ ቀድሞ ነው የተወለደው። ለነገ ያላችሁትን ሩዝ አሁን ስጡኝ።»

ዚርሳንጊ ቅርጫቷን አውርዳ የድርሻቸውን ሰፈረችላቸው። ፒ ንጉሪ በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ቤት ገብተው ድስታቸው ውስጥ ገለበጡት። ከዚያ ድስቱን ይዘው ወጡና ከላዩ አንድ እፍኝ ዘገኑ።

«በሉ፣ አሁን ተቀበሉኝ።»

ፒ ዳርቲያንጊ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ኧረ እሜቴ! መጀመሪያውኑ እፍኝ አጉድለን ብንሰጥዎ አይሻልም ነበር?»

«እንደዚያማ ከሆነ የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ። ይሄ ግን ቤቴ ገብቷል፤ የእኔ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው፣ የያዝሽው ድንጋይ ትንሽ ነው ብሎ ጎረቤቱን ያባርራል? ብበላም ብራብም ከሠራተኞቹ አንዷ ነኝ።»

ዚርሳንጊ የተዘረጋውን እጅ አየችው። ቁፋሮ ጣቶቹን ሰንጥቋቸዋል፤ በጥፍሮቹ ሥር አፈር አለ። እፍኙ ግን እስኪቆለል ሞልቷል። እሷ ዘንድሮ ቤቷ ለጌታ ስትዘግን እፍኙ እንዲያንስ ጣቶቿን ሰብሰብ እንደምታደርግ ትዝ አላትና አንገቷን ደፋች።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ፒ ንጉሪ» አለች።

«ይቅርታሽን ኋላ። እጄ ዛለ፣ ቅርጫቱን አቅርቢው!»

አቀረበችላቸው። ሩዙ ከሌላው ሩዝ ጋር ተቀላቀለ።

ከዚያ ሁለቱ ሴቶች ወደሚቀጥለው ቤት ሄዱ። የፒ ንጉሪ ስም በሁለቱም ዝርዝር ላይ ተጻፈ፤ እስከ መጪው አዝመራ ድረስ በየሳምንቱ ተቀበሉ፣ በየሳምንቱም ሰጡ።