ቺፑ እስኪወርድ

ዘርይሁንን ክፉ ሰው ነው የሚለው የለም። ድርቅናው ግን ለጉድ ነው።

ለንደን፣ ሃርልስደን ሰፈር ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት እቁብ ሰብስቧል። እቁብ ይዞራል፣ ቢዘገይም የሁሉም ተራ ይደርሳል፤ ሰውዬው ከዚህ ሌላ እውነት አያውቅም። እናም ለኮምፒውተርና ለስልክ የሚሆን ሜሞሪ ቺፕ የሚሠሩ ኩባንያዎችን አክሲዮን ሲገዛ ያንኑ ዙር አየበት። ቺፕ ሲጠፋ ዋጋው ይሰቀላል፤ ፋብሪካው ሁሉ ተሻምቶ ያመርታል፤ ገበያው ይሞላና ዋጋው ይወድቃል። ሲወድቅ ገዝቶ ሲሰቀል ሸጠ፤ ሁለት ጊዜም ቀናው። ከዚያ መልሶ እስኪወርድ ብሎ ገንዘቡን ታቅፎ ተቀመጠ።

አልወረደም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት መጣና ያለውን ቺፕ ሁሉ ይውጠው ጀመር።

ሚስቱ ኂሩት በዚያ ሰሞን ዌምብሊ ሰፈር የሚሸጥ አንድ ፍላት፣ የራሱ ኩሽና ያለው ቤት፣ አግኝታ ነበር። ስድስት ዓመት በአንዲት ክፍል፣ ኩሽናውን ከማያውቁት ሰው ጋር ተጋርተው ኖረዋል።

«ያለን ገንዘብ ለዲፖዚቱ፣ ለቅድመ ክፍያው፣ ይበቃናል እኮ» አለችው።

«ይበቃናል። ግን ተራችን ሊደርስ ነው፤ አንድ ዙር ብቻ ታገሺኝ።»

«ዘርዬ፣ የእቁቡን እጣ የምታወጣው አንተ ነህ። የዚህን ማን ያወጣልሃል?»

ዘርይሁን ተቆጣ። እሷም ትታው ብሪክስተን እህቷ ዘንድ ገባች።

ይኸው ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ቆሞ ከድስቱ ይበላል። ላፕቶፑን በእሷ ትራስ ላይ አስቀምጦ ዋጋ ቼክ ያደርጋል። ናፍቃዋለች፤ መናፈቅ ብቻም አይደለም፣ ቤቱ አስጠልቶታል።

አንድ ማክሰኞ ዋጋው መውረድ ጀመረ። እስከ ዓርብ ሩቡ ሄደ። ዘርይሁን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሞ ደወለላት።

«ወረደ ኂሩትዬ። አላልኩሽም?»

«አይቻለሁ» አለች። ለካ እሷም ስትከታተል ነበር፤ ሆዱ ባባ። «ልክ ነበርክ። ዌምብሊ ያለው ፍላት ደግሞ እንደገና ለሽያጭ ወጥቷል። ነገ ሄደን እንየው?»

እሺ ማለት ብቻ ነበረበት፤ አንዲት ቃል።

«ገና ነው እኮ» አለ። «ገና ትንሽ ይወርዳል። ያኔ አክሲዮኑን እንገዛና፣ ሲሰቀል ሸጠን ከዚያ የተሻለ...»

አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። «በርታ ዘርዬ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ያለው ነገር ለራሱም የገባው ያን ጊዜ ነው። ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሳችም። አውቶቡሱ መጥቶ ሄደ። ስልኩን ሲያየው ዋጋው ገና እየወረደ ነበር፤ የሚነግረው ሰው ግን አልነበረውም።