ለእጅ ወሬ የሚሆን ላፕቶፕ

የኬሌራ እጆች አየር ላይ ደርቀው ቀሩ።

«ምን አለች?» አለ አባቷ ዋይሳሌ በጣቶቹ። «ምን ልትል ነበር?»

ሴታይታ ስልኩን ይዛ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ስክሪኑ ላይ የወንድሟ ልጅ ኬሌራ ሁለት ጣቶቿን እንዳነሳች፣ አፏንም ገርበብ እንዳደረገች ቆማለች። ድምጿ ግን ቃሪያ ከምታሽግበት፣ አውስትራሊያ ካለው የኩዊንስላንድ እርሻ ጥርት ብሎ ይመጣል።

«አክስቴ፣ ይሰማሻል?»

«ይሰማኛል የኔ ልጅ። እጅሽ ነው የጠፋው። በይ ለኔ ንገሪኝና ለአባትሽ ላድርስልሽ።»

«አይሆንም።»

«ለምን?»

«ታሳምሪዋለሻ! እኔ ተናድጄ የተናገርኩት ለሱ ሲደርስ ናፍቆት ሆኖ ነው የሚደርሰው። የሱንም ለኔ እንደዚያው ነው የምታደርጊው። ይሄን ግን በገዛ እጄ ነው የምነግረው። አሮጌም ቢሆን ላፕቶፕ ግዙ።»

 ልጅቷ አልዋሸችም። ዋይሳሌን ገና በሕፃንነቱ ትኩሳት ጆሮውን ከነሳው ጀምሮ በገበያውም፣ በሐኪም ቤቱም፣ በቤተ ክርስቲያኑም አፉ ሴታይታ ነበረች። ኬሌራ ግን ከአባቷ ጋር አስተርጓሚ አስፈልጓት አያውቅም ነበር፤ ከአፏ በፊት የፈታችው እጇን ነው። ባለፈው ዓመት ጀልባ ሠሪ አባቷን «ጀልባ መሥራት አስተምረኝ፣ አብሬህ ልሥራ» ብላ ጠየቀችው። «የሴት ሥራ አይደለም» አላት። ልጅቷም ሻንጣዋን ይዛ አውስትራሊያ ገባች። የስልኩ ምስል ስለሚቆራረጥ ከዚያ ወዲህ የሁለቱም ቃል የሚያልፈው በሴታይታ በኩል ሆነ። እሷም የሻከረውን እያለሳለሰች አሳለፈችው። ባላደርገው ኖሮ ይቆራረጡ ነበር ብላ ታምናለች።

ቅዳሜ ሴታይታ ገበያ ላይ የምትሸጠውን ጎደሬ ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ከወንድሟ ጋር በከተማቸው በላምባሳ ከአውቶቡስ ተራው ጀርባ ወዳለው አሮጌ ዕቃ መሸጫ ሄደች። አገዳ የጫኑ መኪናዎች ወደ ስኳር ፋብሪካው ተሰልፈው መንገዱን ዘግተውታል። የሱቁ ባለቤት ፕራኒታ ባንኮኒው ላይ ሁለት ላፕቶፖች አስቀመጠችላቸው። አንዱ ትልቅና ብርማ ነው። ሌላው ትንሽ፣ ጥቁር፣ ክዳኑም የተጫጫረ።

«ዋጋቸው አንድ ነው» አለች። «ምረጡ።»

ዋይሳሌ ለመምረጥ ጊዜ አላጠፋም። ትልቁ ላይ «አይ ሰቨን»፣ ትንሹ ላይ «አይ ስሪ» የሚሉትን ተለጣፊዎች በየተራ ጠቆመ። «ሰባት ከሦስት እንደሚበልጥ ፍየልም ያውቃል። ትልቁን ትጠቅልልልን።»

ሴታይታ ስትተረጉምላት ፕራኒታ ሳቀች።

«የሚመጣው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለኝ፣ እትዬ። ሰባቱ እኮ በዘመኑ ከነበሩት ፕሮሰሰሮች፣ ከላፕቶፕ አንጎሎች፣ አውራው ነበር ማለት ነው። ዘመኑ ግን አልፏል፤ አራተኛው ትውልድ ነው። ሦስቱ ደግሞ ስምንተኛው ትውልድ ነው፤ ከእኩዮቹ ትንሹ ቢሆንም ዘግይቶ የተወለደ ነው። ለመሆኑ ለምንድን ነው የምትፈልጉት? ደብዳቤ ለመጻፍ፣ ዜና ለማንበብ ከሆነ ትልቁም አያሳፍራችሁም።»

«ለቪዲዮ ነው። ልጁ ባሕር ማዶ ናት። የሚያወሩት በእጃቸው ነው።»

ፕራኒታ ሳቋን ተወችው። «በእጃቸው? እንግዲያማ ነገሩ ሌላ ነው። እኔና አንቺ ብንሆን ምስሉ ቢቆራረጥም ድምፁ ይደርሰናል። ለሱ ግን ምስሉ ነው ድምፁ። በአዲሱ፣ በትንሹ ውስጥ የዛሬን ቪዲዮ የሚፈታ ራሱን የቻለ ክፍል አለ። አሮጌው ያን ሥራ በጉልበቱ ነው የሚሠራው። ይግላል፣ ይደክማል፣ ከዚያ እጃቸውን ይቆራርጥባቸዋል። አሮጌው አዲሱን የዊንዶውስ ስሪትም አይቀበልም።»

«ምን ትላለች?» አለ ዋይሳሌ።

የሴታይታ እጆች ተነሱና ቆሙ። ወንድሟ ዓይኖቹ በትልቁ ላፕቶፕ ተማርከዋል። «ሁለቱም ጥሩ ናቸው» ማለት ብቻ ይበቃል፤ ብርማውን አቅፎ ይወጣል። ምስሉ መቆራረጡን ይቀጥላል፣ ኬሌራም መልሳ «አክስቴ» ትላለች። ትንሹ ቤት ከገባ ግን አባትና ልጅ ያለ እሷ ሊያወሩ ነው። የሚጣሉም ከሆነ ያለ እሷ ሊጣሉ ነው። ያኔ የሻከረውን ማን ያለሰልሰዋል? እሷስ በዚያ ቤት ምን ልትሆን ነው?

«ምን ሆንሽ? ጣትሽ ዛገ እንዴ?» አላት ዋይሳሌ።

ሴታይታ ፕራኒታ ያለችውን አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ትውልዱን፣ መጋሉን፣ መድከሙን፣ እጅ መቆራረጡን። ወንድሟ ፊቱን አጠቆረ።

«ወሬ ነው። ልይ።»

ፕራኒታ ስልኳን ለሴታይታ ሰጥታ ወደ ጓዳ አስገባቻትና ስልኩን ከትልቁ ላፕቶፕ ጋር በቪዲዮ አገናኘችው። ሴታይታ ስልኩን መደርደሪያው ላይ አቆመች። ዋይሳሌን የሚያበሽቀውን ታሪክ ስለምታውቅ እሱኑ በእጇ መተረክ ጀመረች፤ መጀመሪያ የሠራት ጀልባ ፓስተሩ ገና ሲባርኳት ውኃ መጠጣት እንደጀመረች። ስትጨርስ ዋይሳሌ ዓይኑን አፍጥጦ ጓዳው በር ላይ መጣ።

«ፓስተሩ ሰጠሙ? መቼ?»

ሴታይታ በሳቅ ግድግዳውን ተደገፈች። ዋይሳሌ ተመልሶ መዳፉን ትልቁ ላፕቶፕ ላይ አሳረፈ። ከሥሩ ትኩስ ነው፣ ይንቀጠቀጣልም። ፕራኒታ ስልኩን ከትንሹ ጋር አገናኘችውና ሴታይታ ያንኑ ታሪክ ከመጀመሪያው ጀመረች። አሁን ግን ግማሽ እንኳ ሳትደርስ ዋይሳሌ ጓዳ ውስጥ ገብቶ ፊቷ ቆመ።

«አልሰጠመችም! ትንሽ ውኃ ነው የገባባት! አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ነገር እስከ መቃብር ልትከተይኝ ነው?»

«ገባህ ማለት ነው?»

ዋይሳሌ ወደ ባንኮኒው ተመለሰ። ትንሹን ብብቱ ሥር ከተተው፤ ትልቁን ግን ክዳኑን መታ መታ አደረገለት። «ይሄ እኔን ነው የሚመስለው» አላቸው ለሁለቱም። «ደረቱ ሰፊ፣ ግን ቶሎ ይግላል።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፈቱት። ኬሌራ ከወገቧ በላይ ሙሉ ሆና ታየች። እጇን ስታነሳ እጇ ተነሳ፣ ስታወርድ ወረደ። ዋይሳሌ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ የልጁን ጣቶች በዓይኑ ተከተለ። ሴታይታ እንደ ልማዷ ከትከሻው ኋላ ቆማለች። ቀኝ እጇ ሳይታወቃት ተነስቷል።

«አባዬ» አለች ኬሌራ በእጇ። «ባለፈው ዓመት የጠየቅሁህን አሁንም ልጠይቅህ ነው። አክስቴ እንደምትለው አድርጌ አይደለም የምጠይቅህ። በጣም አዝኜብህ ነበር።»

ዋይሳሌ ዞረና እህቱን አያት። ዕድሜ ልኩን ጠበቅ ያለ ነገር ሲገጥመው የሚያያት አስተያየት ነው።

«እኔን ምን ታየኛለህ?» አለችው ሴታይታ። «ልጅህ ያለችው እዚያ ነው።»

የካሳቫውን ሳህንና ቢላዋዋን ይዛ ወጣች። በረንዳው ላይ ለበሩ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠችና መላጥ ጀመረች። ከውስጥ አንዳች ድምፅ የለም። እንዲህ ያለ ወሬ ከኋላዋ ሲወራ ምን እየተባለ እንደሆነ ሳታውቅ ተቀምጣ አታውቅም።

ድንገት የቤቱ ወለል ተደለቀ። ዋይሳሌ ሲቆጣ እግሩን እንዲህ ይመታል። የሴታይታ ቢላዋ ካሳቫው ላይ ቆመ። አንዴ ደለቀ፣ ደገመ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።  ገብታ አንዲት ነገር ብቻ ብትል፣ አንዲቷን ቃል ብቻ ብታለሳልስላቸው።

ያን ጊዜ ወንድሟ ሳቀ። እሱ ራሱ ሰምቶት የማያውቀው፣ ወፍራምና ከሆድ የሚወጣ ሳቅ ነበር፤ ከላፕቶፑም የልጅቷ ሳቅ ተከተለ።

ሴታይታ ከወንበሯ ብድግ አለች። ምን ቢባባሉ ነው? እሺ አላት? ወይስ ሌላ ነገር ነው ያሳቃቸው? እጇ የበሩን እጀታ ያዘ።

ለቀቀችው። ተመልሳ ተቀመጠችና ከሳህኑ ሌላ ካሳቫ አነሳች።