የጋራው ድስት አይብ

በዚያ ማክሰኞ ጠዋት አውሮፕላን የሚመጣበት ቀን ስላልነበረ፣ በጂንካ መሃል በተዘረጋው የማረፊያ ሜዳ ላይ ላሞቹ ያለ ከልካይ ተሰማርተው ነበር። ያለምወርቅ የልጇን የሙሉነሽን ጸጉር ጎንጉና ጨረሰች፣ ሻይ ጣደች፣ ከዚያም ያልታረሙ የተማሪ ደብተሮች ይዛ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ከተራራው ወገን የምትወርደው አስካል አሬራ የሞላ ቅሏን ተሸክማ በጓሮ በኩል ብቅ አለች።

"ዛሬ ወፍራም ነው፣ እትዬ" አለች። ቀጭን በሆነበት ቀንም የምትለው ይህንኑ ነበር።

ቅሉን የተቀበለው የያለምወርቅ ባል ዳርጌ ነው። ተቀብሎ ማድ ቤት ገባ፤ በሩንም ከውስጥ ቀረቀረ።

ጎረቤት ይህን አያውቅም። በዚያ ቤት አይብ የሚያወጣው ዳርጌ ነበር። በግብርና መሥሪያ ቤት የእንስሳት ሐኪም ነው፤ ወይፈን በቀንዱ ይዞ መርፌ የሚወጋ፣ ቁመቱ የበር መቃን የሚነካ ሰው። እናቱ ሴት ልጅ ስላልነበራት ሙያዋን ለእሱ አስተምራ ሞተች። እሱም በየማለዳው ከድስት ሥር ቁጢጥ እንደሚል ቢሮ ውስጥ ቢሰማ ምን እንደሚደርስበት ጠንቅቆ ስለሚያውቅ በሩን ይዘጋል። ያለምወርቅ በበኩሏ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ የመጣች የቤት አያያዝ መምህርት ናት። አሬራ ሲሞቅ ለምን እንደሚረጋ ሰሌዳ ሙሉ ጽፋ ማስረዳት ትችላለች። ራሷ ስታሞቀው ግን ወይ ጎማ ይሆናል፣ ወይ አሬራ እንደሆነ ይቀራል።

"ዳርጌ፣ ሻይህ ቀዘቀዘ!"

"ቆይ፣ ትኩሳቷ ገና ነው።"

ወዲያው ከአጥሩ ውጭ "ቤቶች!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ድምፁ የጓድ ከበቡሽ ነው፤ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናት፤ በሹክሹክታ ስታወራ እንኳ ሜዳው ማዶ ትሰማለች። ዳርጌ እጅጌው ላይ አመድ እንደያዘ በጓሮ ዞሮ መጣና ገና ከመኝታ እንደተነሳ ሰው አዛጋ።

"መምህርት፣ ቅዳሜ በቀበሌው አዳራሽ ቀላል የቤተሰብ ምግብ አሠራር ታሳዪናለሽ" አለች ከበቡሽ። "ከአይብ።"

"ከጎመን ብቻ ብናደርገውስ?"

"ጎመንማ ማን አቅቶት! ባልሽ ቢሮ ይዞት የሄደውን አይብ የቀመሰ ሁሉ 'የመምህርቷ እጅ፣ የመምህርቷ እጅ' እያለ ጆሯችንን አደነቆረን። እዚያው ሰው ፊት አውጥተሽ ታሳያለሽ። ወንዶቹም ይመጣሉ፣ ታዟል።"

ዳርጌ ቀና ብሎ ጣራውን አየ።

ከበቡሽ ስትሄድ ያለምወርቅ ባሏን እየጎተተች ማድ ቤት ገባች። "አሁኑኑ አስተምረኝ።"

"እጅሽን ከድስቱ ጎን አሳርፊ። ምን ይላል?"

"ምን ይላል? ድስት ነው!"

"ትኩሳት የያዛት ላም ጆሮ አይመስልም?"

"ዳርጌ፣ እኔ የላም ጆሮ የት አውቄ!"

ሳቀ። መዳፏን ገልብጦ አየና በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። "ችግሩ ይሄ ነው። ድስት ያለ ጨርቅ ታወርጃለሽ፤ እጅሽ እሳት ለምዷል። የኔ የቢሮ እጅ ነው፤ ሙቀት ቶሎ ይሰማዋል።" በየጠዋቱ ሊያለማምዳት ቃል ገባ። ረቡዕ ግን ወይጦ ቆላ ላይ ከብት ታሟል ተባለና ሾፌሩ ተገኝ የላንድሮቨሩን ጡሩንባ ደጃፍ ላይ አንባረቀው።

"ቅዳሜ እመለሳለሁ" አለ ዳርጌ አንድ እግሩን መኪናው ላይ አድርጎ፤ ከዚያም ተገኝ እንዳይሰማ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ "አትቸኩዪ፣ አታማስዪ" አላት።

ሐሙስ ቸኮለች። ሙሉነሽ የወጣውን አይብ በጣቷ ነካ አድርጋ "እማዬ፣ ይሄ ይነጥራል" አለች። ዓርብ ደግሞ ላለመቸኮል ብላ እሳቱን እጅግ አሳነሰችው፤ አሬራው ሞቅ ብሎ ዝም አለ። ያን ዕለት ማታ ያለ አይብ ራት በሉ። ያለምወርቅ ያስጨነቃት አይቡ አልነበረም። በማግስቱ ልታጣ የምትችለው ስሟን ነው፤ በከተማው ሰው ፊት መምህርት የሚያሰኛትን። ስሟን ለማትረፍ እውነቱን ብትናገር ደግሞ የሚዋረደው ዳርጌ ነው።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ያለምወርቅ የአስካልን አሬራ ይዛ ስትገባ ከበቡሽ ሌላ ዝግጅት ይዛ ጠበቀቻት። ማኅበርተኛው ሁሉ ከየቤቱ አንድ አንድ ጣሳ አሬራ እንዲያዋጣ ታዞ፣ ሁሉም በቀበሌው የድግስ ድስት ውስጥ ተገለባብጧል። የዛሬም፣ የትናንትም፣ የሰነበተም አለበት። የላምም የፍየልም። ጭስ በጠጣ ቅል የመጣውና በዘይት ቆርቆሮ የመጣው ባንድ ላይ ይዋኛሉ።

"ጓድ ከበቡሽ፣ ይሄ እኮ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ሲረጋ ሌላው ገና ነው" አለች ያለምወርቅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"መምህርት፣ አሬራ አሬራ ነው። የእገሌ፣ የእገሊት ብሎ መለየት የግለኝነት ስሜት ነው።"

ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ። ያለምወርቅ የአስካልን ቅል ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጠችና የላምባ ምድጃውን ለኮሰች። ምድጃው አንዴ ከተነሳ በኋላ ልክ የለውም፤ ሊያርፍ እንደተቃረበ አውሮፕላን ይጮኻል። መዳፏን ከድስቱ ጎን አሳረፈች። ድስቱ ምንም አላላትም። ከበቡሽ ስለ ምግብና ስለ ምርት ንግግር ታደርጋለች፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ያለምወርቅ ዝም ብሎ መቆም ጨነቃትና ማማሰያውን አነሳች።

ንግግሩ ሲያልቅ ሁሉም ወደ ድስቱ አንገቱን አሰገገ። ከላይ ወተት የመሰለ ውሃ፣ ከሥሩ እንደ ኩበት ፍርፋሪ የዘቀጠ ነገር።

"ገንፎ ነበር እንዴ የተባልነው?" አለ አንዱ ከኋላ።

"ኧረ የግድግዳ ኖራ ነው!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከበቡሽ ግራ ተጋባች። "መምህርት፣ ያንቺ አይብ እንዲህ አልነበረም እኮ!"

ሙሉነሽ እናቷ ሲሳቅባት ማየት አልቻለችም። አግዳሚው ላይ ቆመች። "የቤታችንን አይብ እሷ አይደለችም! አባባ ነው የሚያወጣው! በሩን ዘግቶ!"

በዚያው ቅጽበት የበሩ ብርሃን ጠቆረ፤ ዳርጌ የወይጦ አቧራ እንደለበሰ ደፉ ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ተገኝ አፉን ከፍቷል። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ አየው።

ያለምወርቅ ቀደመች። "ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች! እኔ ነኝ ያበላሸሁት" አለች። ዳርጌን እያየች በዓይኗ ተማጸነችው፦ ሳቅና እለፈው።

ዳርጌ ኮቱን አወለቀ። ለተገኝ አስያዘው። እጅጌውን ጠቅልሎ በሕዝቡ መካከል እያለፈ፣ "ልጄ አትዋሽም" አለ።

የተነሳውን ሁካታ መግለጽ ያስቸግራል። አንዱ ያፏጫል፤ አንዱ "እትዬ ዳርጌ፣ መቀነትዎን ያጥብቁ!" ይላል። እሱ ግን የታመመ ከብት ዘንድ እንደደረሰ ሰው ሌላ ነገር አልሰማም። ምድጃውን አጠፋ፤ ድስቱን አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠ። ያልረጋው አሬራ ገና ኮምጣጣ እንደሚፈልግ አሽትቶ አውቆ "የሰነበተ አሬራ ያለው?" ብሎ ጠየቀ። ያለምወርቅ የአስካልን ቅል ከጠረጴዛው ሥር አወጣች። አስካል ከጥግ ሆና "የዛሬው ኮምጣጣ ነው" ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ወፍራም ነው ሳትል ቀረች። ዳርጌ በዝግታ ጨመረበት፤ በኮባ ቅጠል ከደነው።

"አሁን ማንም አይነካውም" አለ። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረ። "ትኩሳት የያዛት ላም ጆሮ ነክታችሁ ታውቃላችሁ?"

"እንዴት አናውቅም!"

"እንግዲህ ኑና ድስቱን ዳስሱ።"

እየተሳሳቁ ተሰለፉ። አንዷ መዳፏን አሳርፋ "ይቺስ ታማለች!" ትላለች፤ ቀጣይዋ "ኧረ ተሽሏታል!" ትላለች። በመጨረሻ ያለምወርቅ ቀረበች። ዳርጌ እጇን ያዘና የመዳፏን ጀርባ ከድስቱ ጎን አስነካው፤ እሳት ያልለመደው በዚያ በኩል ነበርና። ድስቱም ነገራት። ቅጠሉ ሲነሳ አይቡ ከላይ ሰፍፎ፣ አጓቱ ከሥር ጠርቶ ነበር።

"ንጹሕ ሻሽ!" አለ ዳርጌ። ከበቡሽ ጥቂት አመነታችና የራሷን ነጭ ሻሽ ፈታች።

ከዚያ በኋላ የመምህርቷ ተራ ሆነ፤ ምግብ መሥራቱን ማንም ሊነጥቃት አይችልም። አይቡ እስኪንጠፈጠፍ ጎመኑን በነጭ ሽንኩርት አበሰለችና ከላዩ ፈረፈረችበት። የተቀቀለ ጎደሬ ትኩሱን ጨፍልቃ ከአይብና ከጥቂት ቅቤ ጋር ለወሰች፤ ጥርስ ለሌለው ሕፃንም ሽማግሌም ይሆናል አለች። በአጓቱ የበቆሎ ዱቄት አቡክታ ቂጣ ጋገረች፤ ሚጥሚጣ የነካው አይብ በመሃሉ ደረበችበት። ከሚጥሚጣው በፊት ለልጆች ይነሳላቸው ብላ ስታስተምር ድምፅዋ እንደ ክፍል ውስጥ ሆነ። አይቡ ትንሽ ሻካራ ነበር። ማንም አልተወውም። "ኖራ ነው" ያለው ሰውዬ ሦስት ጊዜ እጁን ሰደደ።

ዳርጌ የፈራው ደረሰበት። ቢሮ ውስጥ "እትዬ ዳርጌ" ተባለ፤ ካኮ ገበያ ላይ ሳይቀር ስሙ ቀድሞት ደረሰ። እሱ ግን በማግስቱ ማድ ቤት ሲገባ በሩን አልዘጋም። ሳምንቱ ሳያልቅ ተገኝ በጓሮ በር መጥቶ አንገቱን አሾልኮ፣ "እንደው ለማወቅ ያህል፣ ስንት ጊዜ ነው የሚቆየው?" ብሎ ጠየቀ። ማሾፉ ነው ብለው ነበር። ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው አየ።

ያ ሁሉ ከሆነ ዓመታት አለፉ። ያለምወርቅ ስለ ኋለኞቹ ዓመታት ብዙ አታወራም፤ ለሚጠይቃት "ደህና ነን" ትላለች። አሁን አይብ ራሷ ታወጣለች፤ ለስላሳ ነው፤ የእጇን ጀርባ ከድስቱ ጎን አስነክታ ታውቀዋለች። አስካል በየጠዋቱ ትመጣለች፤ አሬራውም ሁልጊዜ ወፍራም ነው። የማድ ቤቱ በር ክፍት ነው። ከድስቱ ሥር ቁጢጥ ብሎ "ቆይ፣ ገና ነው" የሚላት ዳርጌ ግን በሕይወት የለም።