ዝሆኑ እስኪነሳ

«ከባዱን አውጥቼ ቀላሉን ላስገባ ነው» አለ ልጁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አሁን? ቤቱ በሰው ተሞልቶ?» አለ ጓደኛው።

«መቼም መደረጉ አይቀርም። እናቴ ሥራውን እኔ እቀጥላለሁ ብላለች። በዚያ ኮተት እንዴት አድርጋ ትሠራለች?»

ከኋላቸው የተቀመጡት አክስቱ ጆሯቸው ቆሟል። አጠገባቸው ያለችውን ልብስ ሰፊ በክርናቸው ጎሰም አደረጓት። «ሰማሽልኝ? አፈሩ እንኳ ሳይደርቅ ከባድ ከባዱን ዕቃ ሊያወጡ ነው!»

ከቤቱ የሚወጣ ዕቃ አልነበረም። ወሬው ሁሉ ከሦስት ቀን በፊት ስለተቀበረው አባቱ ኮምፒውተር ነው። አባቱ በቤቱ የፊት ክፍል ማመልከቻ፣ ውልና የመመረቂያ ጽሑፍ ሲተይብ ያረጀ ሰው ነበር፤ መጀመሪያ በታይፕ፣ በኋላ ልጁ ከመሥሪያ ቤት ተራፊ ባመጣለት ኮምፒውተር። ልጁ የሶፍትዌር ባለሙያ ነው። ዓምና ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ጫነለት። እዚህ ላይ ቢያቆም ደግ ነበር። ነገር ግን ባለሙያ የት ላይ እንደሚያቆም አያውቅምና፣ ለስክሪኑ ገጽታ ከሚሰጡት ዴስክቶፖች ሁሉ ጌጠኛውን መርጦ አስገባ፤ መስኮቱ ጥላ ያለው፣ ሲዘጋ እንደ መጋረጃ የሚርገበገብ። ያንን በዚያች ደካማ ማሽን ላይ መጫን ቁም ሣጥን በውርንጭላ እንደ መጫን ነው። አባቱ አንድም ቀን አላማረረም። ስም ብቻ አወጣለት፦ ዝሆኑ።

«የመጨረሻ ዓመቱን ስክሪን ላይ አፍጥጦ ሲጠብቅ እንዲያልቅ አደረግኩት» አለ ልጁ። «ደንበኛ ፊት ስንት ጊዜ አፍሮ ይሆን! ቢያንስ ለእናቴ ላስተካክለው። ከቀላሎቹ ዴስክቶፖች ኤክስፌስ ይሻላል ወይስ ሌላ?»

«ሌላ ቀን እናየዋለን» አለ ጓደኛው፣ ዓይኑን ሰብሮ። ሌላ ጊዜ ይህ ጥያቄ ሲነሳ ምሳውን ትቶ ይከራከር የነበረ ሰው ነው።

ልጁ እሁዶቹን አስታወሰ። ከቀትር በኋላ ሲመጣ አባቱ ትንሿን ዱካ ከጠረጴዛው ሥር ስቦ አዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። «እስካሁን አልከፈትኩትም፤ ና፣ አብረን እንክፈተው» ይላል። ማራገቢያው ያቃስታል። በስክሪኑ መሀል አንዲት ክብ ነገር መሽከርከር ትጀምራለች።

«በል እንግዲህ ዝሆኑ እስኪነሳ…» ብሎ አባቱ ወግ ይጀምራል። ስለ ታይፕ ትምህርት ቤቱ፤ ጣታቸውን በማስመሪያ ስለሚመታው አስተማሪ። ከሁሉ የሚወደው ግን አንዱን ነበር።

«አንዲት ልጅ የሥራ ማመልከቻ ልታስጽፍ መጣች። ሁለት ገጽ ጻፍኩላት። አንዱን ሰጠኋትና ሁለተኛውን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀረሁት።»

«ለምን?»

«ታዲያ በምን ተመልሳ ትመጣለች?»

እናቱ ከጓዳ «ሌባ!» ትላለች። ልጁ ይስቃል። እየሳቀም ሰዓቱን ያያል።

«እሳቸው እኮ ፈጣን ነበሩ» የሚል ድምፅ ከሐሳቡ መለሰው። ልብስ ሰፊዋ ናት። «ባለፈው ማክሰኞ የሱቄን የኪራይ ውል ላስጽፍ መጥቼ፣ ኮምፒውተሩን አብርተው ወንበር ስቤ ሳልቀመጥ መተየብ ጀመሩ።»

ልጁ የሻይ ብርጭቆውን አየር ላይ አቆመ። «ሲከፈት አልቆየበትም?»

«ኧረ ምን ይቆያል! ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል ነው።»

ጓደኛው ድንገት ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ጫማው ክር የለውም።

«አንተ!» አለ ልጁ።

«…ደውለውልኝ ነበር። ከጫንክላቸው አንድ ወር ሳይሞላ። ‹ዝሆኑ ደንበኛ አባረረብኝ፤ ቀለል ያለ ነገር አስገባልኝ፤ ልጄ ግን እንዳይሰማ› አሉኝ። ኤክስፌስን አስገባሁላቸው።»

«ዝሆኑስ?»

«ላጥፋው ስላቸው ‹እንዳትነካብኝ!› ብለው ተቆጡ። ሁለቱም አሉ። ሲከፍቱ መምረጥ ነው።»

ልጁ ተነስቶ ወደ ፊት ክፍል ገባና ኮምፒውተሩን አበራ። ከመግቢያው ገጽ ጥግ ዝርዝሩን ሲጫን እውነትም ሁለት ስም ወጣ። ኤክስፌስን መረጠ፤ አባቱ በወረቀት ጽፎ ስክሪኑ ላይ የለጠፈውን የይለፍ ቃል አስገባ። አንዴ ተንፍሶ ሁለተኛውን ሳይደግም ተከፈተ። ማመልከቻ፣ ውል፣ ጽሑፍ፣ ሁሉም በየአቃፊው ተሰድሯል። እፎይ ማለት ሲገባው ከፋው። ለካ አባቱ ዓመቱን ሙሉ እሱን እንደ ሕፃን ሲያባብለው ነው የከረመው።

እናቱ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ገባች። ስክሪኑ ላይ ያለችውን የኤክስፌስ ምልክት፣ ትንሿን አይጥ፣ አየቻት።

«አይጧ የሥራ ቀን ናት» አለች። «ዝሆኑ የእሁድ ነው።»

«ቅር እንዳይለኝ ብሎ ነው አይደል?»

«ምን ቆርጦት! ላንተ ቅሬታ ነው እሱ የሚጨነቀው?» ጠረጴዛውን ተደግፋ ቆመች። «ድሮ ስትመጣ ትዝ ይልሃል? በር ላይ ቆመህ ‹ይሠራል? ይሠራል። በሉ ደህና ዋሉ›። ሻይህን እንኳ አትጨርስም። ዝሆኑን የጫንክለት እሁድ ግን አልነሳም ብሎህ እዚህች ዱካ ላይ ሁለት ሰዓት ተቀመጥክ። ስትሄድ ምን አለኝ መሰለህ? ‹የልጁን መላ አገኘሁት› አለኝ።»

ልጁ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር ያለችውን ዱካ አየ።

«እኔንም እኮ እንዲሁ ነው የያዘኝ» አለች፣ በመሐረቧ አፏን ሸፍና፤ ትሳቅ ታልቅስ አይለይም። «ሁለተኛውን ገጽ ማስቀረት ያውቅበታል።»

ከሳሎን የአክስቱ ድምፅ ይሰማል። «ገቡ እኮ! ሊያወጡት ነው መሰለኝ!»

ልጁ አይጧን ዘግቶ ወደ መግቢያው ገጽ ተመለሰ። ዝርዝሩን ከፍቶ ከባዱን መረጠ። ማራገቢያው አቃሰተ፤ ክቧ ነገር መሽከርከር ጀመረች። የአባቱን ወንበር ለእናቱ አዞረላት፤ እሱ ዱካዋን ከሥር ስቦ ተቀመጠ።

«እሺ» አላት፣ «ገጹን ልትወስጂ ስትመለሺ ምን አለሽ?»

እናቱ መናገር ስትጀምር የእጅ ሰዓቱን ፈታና ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋው።