ውሃው እስኪነጣ

እናት ውሃውን ለብ አድርጋ ሳፋው ላይ ገለበጠች፤ ዳቦ ቆረጠች፤ የልጇን ዩኒፎርም ወንበሩ ላይ ዘረጋች። ትንሿ ሦስት ቀን ተቅማጥ ካጣደፋት በኋላ ዛሬ ወደ መዋዕለ ሕፃናት ትመለሳለች። በሁለት ወር ውስጥ ስትታመም ሁለተኛዋ ነው። ነርሷ ትናንት፣ "መድኃኒት ብቻውን አይበቃም፤ እጇን በደንብ ትታጠብ። አሁንም ከደገማት አስተኝተን ነው የምናክማት" ብላታለች።

"ሚጣ፣ ነይ ታጠቢ!"

ልጅቱ ጣቶቿን ነከር አድርጋ አወጣችና ዓይኗን በጨው አጥባ፣ "ጨረስኩ!" አለች።

"ይኼ መታጠብ ነው ወይስ ለውሃው ሰላምታ መስጠት? ሳሙናውስ?"

"ውሃው ነጭ ነው እኮ።"

"ቢሆንስ?"

"አባዬ 'ውሃው እስኪነጣ ድረስ' ነው ያለኝ። ይኸው፣ ነጭ ነው!"

የእናት እጅ ሳሙናው ላይ ቀረ።

አባትየው መካኒክ ነበር። ከጋራዥ ሲገባ ቱታውን ሳያወልቅ ልጁን ይዞ ሳፋው ዳር ቁጢጥ ይላል። አራት እጅ በአንድ ሳፋ ይገባና ውሃው በመኪና ግራሶ ይጠቁራል።

"ይኼ የማን ቆሻሻ ነው?"

"ያንተ!"

"ውሸታም! ያንቺ ነው!"

እንዲህ ሲባባሉ ውሃው ሦስት ጊዜ ይለወጣል፤ ጥፍር ሥር ሳይቀር ይፈተጋል። እናት ከምድጃው አጠገብ፣ "እናንተ ሰዎች፣ ራቱ ቀዘቀዘ!" ትላለች። ከሁሉ የሚያናድዳት ግን ነጩ ፎጣ ላይ ትቶት የሚሄደው ጥቁር የአውራ ጣት አሻራ ነበር። ያ ጣት ቢፈትጉት ቢፈትጉት አይጠራም።

ካረፈ ሰባት ወሩ ነው።

ስለ ጀርም ልትነግራት አሰበችና ተወችው። ዘመድ "ሽጪው" ቢላት ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ያቆየችውን የባሏን የመፍቻ ሣጥን ከፈተች። ከግራሶው ቆርቆሮ በጣቷ ዛቅ አድርጋ መዳፎቿን ለቀለቀች።

"እማ! ምን ነካሽ?" ልጅቱ በሳቅ ፍርስ አለች። "እንዲህ ሆነሽ ቢሮ ልትሄጂ?"

"አግዢኛ።"

"ውሃው እስኪነጣ?"

"እስኪነጣ።"

ትንሿ እጅጌዋን ሰብስባ ሳሙናውን አነሣች። "ይኼ የማን ቆሻሻ ነው?" አለች፣ ድምፅዋን አጎርንና።

"ያንቺ" አለች እናት።

"ውሸታም!"

ውሃው ሦስት ጊዜ ተለወጠ። እናት ቆርቆሮውን ወደ ሣጥኑ አልመለሰችውም፤ ከሳሙናው አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ ተራ በተራ እጃቸውን አደረቁ።

ፎጣው ነጭ ነው። ያ የአውራ ጣት አሻራ የለበትም።