የትኛው ዓይኑ ነበር?

ሐረር ውስጥ፣ ፈላና በር አጠገብ፣ ከጀጎሉ ግንብ ሥር፣ ማመልከቻ ጸሐፊው ሳህሉ ወልደ ጊዮርጊስ የሚቀመጠው ሁልጊዜ ግራ ጎኑን ለግንቡ ሰጥቶ ነው። የባለጉዳዩ በርጩማ በቀኙ በኩል እንጂ ፊት ለፊቱ አይቀመጥም። አንዱ አላዋቂ በርጩማውን አንሥቶ ፊት ለፊት ሊያደርገው ሲል፣ ሳህሉ በብዕሩ ጫፍ ወደ ቀኝ ያመለክተዋል።

«እዚያ ጋ ሁን። ቀለም እንዳይረጭብህ።»

ቀለሙ ማንም ላይ ተረጭቶ አያውቅም።

ምክንያቱ ፊቱ ነው። በ1945 ዓ.ም. ክረምት አንድ ጠዋት ሳህሉ ሲነሣ ግራ ፊቱ አብሮት አልተነሣም። ምች ነው ያለ አለ፤ ነፋስ ነው ያለ አለ፤ ጋኔን በጥፊ ብሎት ነው ያሉም አልጠፉ። በሌላው ሰው ፊት ላይ ሐኪም ለመሆን የአገራችንን ሰው ማን ይቀድመዋል! ከንፈሩ መጀመሪያ ወደ ታች ወረደ። ከዚያ ሊሻለው ነው ሲባል ወደ ላይ ተሰበሰበና፣ ወደ ጆሮው ተሰቅሎ እዚያው ደረቀ። ከዚያ ወዲህ ሳህሉ በግራ በኩል ይስቃል። ሲበላ ይስቃል፣ ሲጸልይ ይስቃል፣ ተኝቶም ይስቃል። ግራ ዓይኑ ደግሞ አልከደን ብሎ፣ ነፋስ በነካው ቁጥር ያነባል።

ጥርስ ባዳ ነው ይላል ሰው። ይላል እንጂ አያምንበትም። ቢያምንበት ኖሮ ሳህሉ ዛሬ የራሱ ቢሮ ያለው ጸሐፊ በሆነ ነበር። አንድ ሹም ማመልከቻ ይዞ የገባውን ሳህሉን ቀና ብሎ አየና «ምን ያስቅሃል?» ብሎ ከነወረቀቱ አስወጣው። ሽማግሌ የላከባቸው አንድ አባት ደግሞ «ልጄን ለሚያላግጥ ሰው አልሰጥም» አሉ። ሳህሉ እነዚህን ነገሮች እንደ ክት ልብስ ሳጥን ውስጥ አስቀምጧቸዋል፤ በየበዓሉ እያወጣ ያራግፋቸውና አጥፎ ይመልሳቸዋል።

ከሁሉም የከበደችው ግን አንዲቱ ነች።

ሃምሳ አለቃ ሙሉጌታ ከመንዝ ተመድቦ ሐረር የመጣ ወታደር ነው። ሳህሉ ግን የከተማው ተወላጅ ነው፤ ቅድመ አያቱ ናቸው ነፍጥ ይዘው የመጡት። ሙሉጌታ ከሚስቱ ከገላነሽ ጋር አቦከር ሰፈር ውስጥ ከሳህሉ ቤት ፊት ለፊት ተከራየ። በሁለቱ ደጃፍ መካከል ያለው መንገድ ጭነት የያዙ ሁለት አህዮችን ጎን ለጎን አያሳልፍም። ልጃቸው ዓለሙ ሲወለድ ሳህሉ ክርስትና አነሣው፤ ከዚያ ወዲያ «አበልጄ»፣ «አበልጄ» ሲባባሉ ማታውን ያመሻሉ፤ የአንዱ ወጥ ከሌላው ወጥ አይለይም። ሳህሉ ታሞ ጠበል ሲሄድም ደግፎ የወሰደው ሙሉጌታ ነበር።

ዓለሙ የሳህሉን ፊት የሚያነበው በቀኝ ቅንድቡ ነበር። ፊደል ሊቆጥር ሲመጣ ገና ከደጃፍ «አባባ ሳህሉ፣ ዛሬ ተቆጥተሃል» ይላል፤ ሁልጊዜም እውነቱን ነው። በ1946 ዓ.ም. ንዳድ በሦስት ቀን ወሰደው። ሰባት ዓመቱ ነበር።

ለቅሶ ቤት ሳህሉ ጥግ ይዞ ተቀምጧል፤ አንጀቱ ተቆርጧል። የእድሩ ሀብተወልድ ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸም አድርጎ «እየው፣ ጥርሱን እየው» ሲል ቤቱ ሁሉ ሰማ። ሙሉጌታም ሰማ። ቀና አለና ሳህሉን አየው። ሕመሙን ያውቃል። እያወቀ እንዲህ አለ፤

«አበልጄ፣ ወይ ፊትህን ሸፍን፣ ወይ ውጣልኝ።»

ሳህሉ ወጣ። ዘጠኝ ዓመት እንደወጣ ቀረ።

በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ሙሉጌታ አንድ ቃል ቢል ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። «አጠፋሁ» ማለት አራት ፊደል ነው። ሳህሉ ለስንቱ መሐይም ስንት ገጽ ሲጽፍ፣ ያቺን አራት ፊደል የሚልክለት ጠፋ። አንደኛው በር ሲከፈት ሌላኛው ከውስጥ ሆኖ ይጠብቃል፤ እግር ሲርቅ ደግሞ ይወጣል። መንገዷ ጠባብ ብትሆንም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳይገናኙባት ኖሩ።

በ1955 ዓ.ም. መጋቢት መጀመሪያ ላይ ገላነሽ ፈላና በር ድረስ መጣች። በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ ጎኑ የትኛው እንደሆነ ማንም አላሳያትም፣ ታውቀዋለች።

«ማመልከቻ ነው?» አለ ሳህሉ ሳያያት።

«አይደለም፣ አበልጄ።»

«ታዲያ ምን ልታዘዝ፣ ወይዘሮ ገላነሽ?»

«ወይዘሮ»ዋ ገብታታለች። «ሙሉጌታ ከወደቀ ሦስት ሳምንቱ ነው» አለች። «መቼም ሰምተዋል፣ ከደጃችን ነዎት። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ አይታዘዙትም፤ ምላሱም ተያዘ። እሱን ቻልኩት። ፊቱን ግን አልቻልኩትም። ውኃ ስሰጠው ይስቃል። ሳገላብጠው ይስቃል። ጠያቂው ሁሉ ‹ተመስገን፣ ደስ ብሎታል› ብሎኝ ይሄዳል። እኔ ደስታ አልመስልህ አለኝ። ይራበው፣ ይመመው፣ ይስደበኝ፣ ምኑን ልወቅ? እርስዎ ይህን ነገር ያውቁታል። መጥተው ይዩትና ምን እንደሚል ይንገሩኝ።»

«ዛሬ ፊቴ ለሥራ ተፈለገ?»

«አዎ» አለች ገላነሽ። «ተፈለገ።»

ያልጠበቀው መልስ ነበር። «እስቲ እናያለን» ብሎ ሸኛት።

ሦስት ቀን አስጠበቃት። እነዚያን ሦስት ቀናት ግን እንደ ተማሪ ሲያጠና ነው የከረመው። አፍን ማየት አይገባም፤ አፍ ቀጣፊ ነው። ቅንድብ ይታያል፣ አፍንጫ ይታያል፣ ጉሮሮ ሲውጥ ይታያል። አፍ ሲከዳ ሐዘን በየት በኩል እንደሚወጣ ሳህሉ የራሱን ቤት በጨለማ እንደሚያውቅ ሰው ያውቀዋል። ይህን ሁሉ ለገላነሽ ሊነግራት ነው። ሙሉጌታም ያዳምጣል። ከዚያ ያየዋል። ከዚያ ምናልባት ያቺ አራት ፊደል በቅንድብ በኩል ትመጣ ይሆናል።

በአራተኛው ቀን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መንገዷን ተሻገረ። አምስት እርምጃ ነች።

አልጋው አጠገብ ጎረቤታቸው ፋጡማ ትራስ እያስተካከለች ነበር። «አልሐምዱሊላህ፣ ወዳጁ መጣለት!» አለች። «እዩት፣ አወቀው እኮ! እዩት ሲስቅ!»

ሙሉጌታ ሳህሉን አየው። አየውና አፉ ወደ ግራ ጆሮው ተሰቀለ።

ያ ሳቅ የሳህሉ የራሱ ሳቅ ነበር፤ መስተዋት ላይ በየጠዋቱ የሚላጨው ሳቅ። በዓለም ላይ ያንን አፍ ማመን የሌለበት አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነበር። ግን ቅንድቡን አላየም፤ ጉሮሮውን አላየም። የታየው ዘጠኝ ዓመት ጠብቆ፣ ሸሚዝ አጥቦ፣ ደጃፍ ተሻግሮ የተሳቀበት ሰው ብቻ ነው።

«ወይ ፊቱን ሸፍኑት» አለ፣ «ወይ እኔ ልውጣ።»

ዘጠኝ ዓመት ሲያላምጣት የኖረ ቃል ነች። ስትወጣ ምንም ጣዕም አልነበራትም።

«ያ ረቢ!» አለች ፋጡማ። «የታመመ ሰው ላይ?»

ማንም እንዲቆይ አልለመነውም። ወጣ።

በማግስቱ የኤረር በሩ ነጋዴ ዩሱፍ የጎረቤቱን ክስ ሊያጽፍ መጣ። ሳህሉ ጽፎ ሲያነብለት ዩሱፍ ከበርጩማው ብድግ አለ።

«ቆይ፣ ቆይ! ጎረቤቴ ግንቤን አፈረሰ ብዬ ነገርኩህ፤ አንተ እኔ አፈረስኩ ብለህ ጻፍክ። ወላሂ፣ በገዛ ብሬ ልታሳስረኝ ነው እንዴ?»

«ተቀመጥ፣ አስተካክለዋለሁ።»

«ምን ሆነህ ነው? ደግሞ ትስቃለህ!»

ሳህሉ ገላነሽ ከበሩ በኩል ስትመጣ አየ። የመጣችው ልትሰድበው መስሎት ብዕሩን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። እሷ ግን ቆማ፣ እንደሚቸኩል ሰው፣ «ትናንት እርስዎ ከወጡ በኋላ አለቀሰ» አለችው።

«የትኛው ዓይኑ?»

«ምን?»

«እንባው። በየትኛው ዓይኑ ወረደ? ቀኙ ከሆነ በሽታው ነው፤ የሰነፈ ዓይን ሳያዝንም ያነባል። ግራው ከሆነ እሱ ራሱ ነው።»

ገላነሽ አፏን ከፍታ አየችው። ለማስታወስ ሞከረች፤ ፊቷ ላይ ስትፈልገው ይታያል። «እኔ ጠረግሁት» አለች በመጨረሻ። «በነጠላዬ ጠረግሁት። ባሏ ሲያለቅስ የትኛው ዓይኑ ነው ብላ የምታይ ሚስት የት አለች? አሁን እንሂድና እርስዎ ራስዎ ይዩት። ያለቀሰው እርስዎን ካየ በኋላ ነው፤ ለሌላ ሰው እንዲያ ሆኖ አያውቅም።»

ሳህሉ ከመቀመጫው ተነሣ። ተነሣና ዩሱፍ እንደሚያየው አየ። ተጠርቶ እየሮጠ የሚሄድ ሰው መምሰሉ ታየው፤ ያውም ትናንት ከወጣበት ቤት።

«ነገ እመጣለሁ» አለ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። «ዛሬ ሥራ አለብኝ።»

ሥራው የዩሱፍ ግንብ ነበር። እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ ሰው አንድ ቀን ማስጠበቅ አማረው።

በነጋታው ማለዳ ሳህሉ ሸሚዙን ለብሶ እየተላጨ ነበር። ቀኙን ጨርሶ ግራውን ሲጀምር የእድሩ ጡሩምባ ከመንገዱ ጫፍ ተነፋ። ጡሩምባ ነፊው ከሁለቱ ደጃፎች መካከል ደርሶ ቆመ። «ሃምሳ አለቃ ሙሉጌታ አርፈዋል! ቀብራቸው ስድስት ሰዓት ላይ ነው!» ሳህሉ ምላጩን እንደያዘ ቀረ። መስተዋቱ ውስጥ ያለው ሰው ይስቃል።

ከቀብር መልስ ለቅሶው ግቢው ውስጥ ነበር። ሳህሉ ዘግይቶ ስለገባ ያገኘው ቦታ የአግዳሚው ቀኝ ጫፍ ነው፤ ግንብ የለ፣ ጥግ የለ፣ ግራ ጎኑ በሙሉ ለሰው ተሰጠ። የመጋቢት ነፋስ አቧራ እያነሣ ግቢውን ይዞረዋል። ግራ ዓይኑ እንደ ልማዱ ፈሰሰ። አልጠረገውም።

ሰዎች ሲጠቃቀሱ አየ። ትንሽ ቆይቶ ሀብተወልድ፣ ያው የዚያን ጊዜው ሀብተወልድ፣ መጥቶ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ።

«በከንቱ ጠርጥረንህ ኖረናል፣ ወንድሜ» አለ። «ዛሬ ግን አየንልህ። የሰው ልቡ ፊቱ ላይ ነው። እግዜር ያጽናህ።»

በሐሰት ሳቅ ያስወጡት ሰዎች በሐሰት እንባ አስገቡት። ሳህሉ ዘጠኝ ዓመት የፈለገው ይህን ነበር፤ አሁን እጅ ሆኖ ትከሻው ላይ ተቀምጦ ከበደው። ቀኝ ዓይኑ ደረቅ ነበር፤ እንደ ድንጋይ ደረቅ። እሱ የሚያስበው የሞተውን አልነበረም። የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሙሉጌታ እንባ፣ ቀኙ ነበር ወይስ ግራው?

ገላነሽ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ መጣችና በቀኝ ጎኑ ቁጢጥ አለች። ፊቱን አየች። ከዚያ ዞር ብላ በግራ በኩል አየችው፤ ሳትቸኩል፣ ሳትሳቀቅ።

«አበልጄ፣ የትኛው ነው?» አለች በቀስታ።

ከዓለሙ ወዲህ ፊቱን እንዲህ ሊያነብ የሞከረ ሰው የለም። መዋሸት ይችል ነበር። ሐዘንተኛ ነች፣ ሁለቱም ቢላት ደስ ይላት ይሆናል።

«ግራው ነው» አለ። «ነፋስ ነው፣ ገላነሽ። ነፋስ ነው ያስለቀሰኝ።»

«ቀኙስ?»

«ቀኙ ገና አልመጣለትም።»

ራሷን ነቀነቀች። «የእኔም ገና አልመጣም» አለች። «እነሱ ሲጮሁ እጮሃለሁ እንጂ።»

«ገላነሽ፣ አሁንስ ትዝ አላለሽም? ስትጠርጊው፣ እጅሽ መጀመሪያ ወዴት ሄደ?»

እጇን አነሣች። አየር ላይ የሙሉጌታን ፊት ልትጠርግ እንደሆነ ሁሉ መዳፏን ዘረጋች፤ እጇ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ወደ ግራ ሄደ፣ መሐል ላይ ቆመ። ወዲያው በሩ ላይ አዲስ ለቀስተኞች እየጮኹ ገቡና ሴቶቹ ጎትተው ወሰዷት።

ሳህሉ እስኪመሽ እዚያው ተቀመጠ። ሰዎች እየመጡ አጽናኑት፤ እሱም በግራ በኩል እየሳቀ፣ በግራ በኩል እያነባ ተቀበላቸው። ከግቢው ወዲያ ጫፍ ገመድ ተወጥሯል። ፋጡማ ለሐዘንተኛዋ ቤት ስታጥብ ውላ ያሰጣችው ልብስ አለበት፤ ከመሐሉ የገላነሽ ነጠላ፣ ንጹሕ ሆኖ፣ በነፋሱ ይርገበገባል።